የጋሽ አምባዬ ሳል

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አባቴ ይሙት ብዬ እንዳልምል አባቴ ቀድሞኝ ሞቷል፤ መሐላው ዋጋ የለውም። ስለዚህ በዳለቻ እምላለሁ። ዳለቻ ፈረሴ ነው። ናዝሬት ውስጥ ጋሪ እየነዳሁ የኖርኩት በእሱ እግር ነው። እዚህ ወረቀት ላይ አንዲት ውሸት ብትገኝ ዳለቻ መንገድ መሐል ተገትሮ ይቅር። እርግጥ ሳልዋሽም መንገድ መሐል መገተር ልማዱ ነበር፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስሜ ፈይሳ ይባላል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ተውኩት፤ ወይም እሱ ተወኝ፤ እስካሁን አልተስማማንም። ወደ ነገሬ ልግባ።

እኛ የምንኖረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። ከሐዲዱ ወዲህ ያለው ከተማ ቧንቧ ሲገባለት እኛ ጋ የቀረልን አንድ ጉድጓድ ነው። ውሃው ሲያዩት ጥርት ያለ፣ ሲጠጡት ለብ ያለ፣ እንግዳ የሚያታልል ውሃ ነበር። ጉዱ ያለው ጥርስ ላይ ነው። ሕፃን ሲወለድ የወተት ጥርሱ እንደማንኛውም ሰው ነጭ ሆኖ ይበቅላል። እሱ ተነቅሎ የሚተካው ግን እንደ ዛገ ሚስማር ቡናማ ሆኖ፣ እንደተጫረ ቆርቆሮ ተዥጎርጉሮ ይወጣል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከመሬት ሆድ ይዞት የሚወጣው ነገር አለ ይላሉ የተማሩት። እኛ ደግሞ በአጭሩ «ውሃው በላው» እንላለን።

በዚህ የተነሳ የሰፈራችን ሰው ሲስቅም ሲናገርም እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። እንግዳ ሰው በመንደራችን ሲያልፍ ሁሉም ሚስጥር የሚንሾካሾክ ይመስለዋል። በአብዮቱ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተፈትሸናል።

ጋሽ አምባዬ ገሠሠ የሰፈራችን ልጅ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው ግራር ሥር ተቀምጦ ለባላገር ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ብዕሩ ድንጋይ ያስለቅሳል። የዚህ ሰው ጥርስ ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር፤ ስለዚህ እጁ ከአፉ አይለይም። ሚስቱ እንኳን ፊቱን ሙሉ ያየችው ከሠርጉ በኋላ ነው ይባላል። (ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ መሐላዬ ውስጥ አታስገቡት።)

እንዴት የባለሥልጣን አማካሪ እንደሆነ ልንገራችሁ። ጓድ ኢተፋ የሚባል ሰው የአውራጃችን ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቃሉ ግን ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ነው። የመጀመሪያውን ስብሰባ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ አደረገ። «ሰፊው ሕዝብ...» አለና ቆመ። «ሰፊው ሕዝብ እንደሚያውቀው...» አለና እንደገና ቆመ። ላቡ ወረደ። አዳራሹ ጭጭ አለ። በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ጭጭ ካለ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ አይታወቅምና ሁላችንም ፈራን። ያን ጊዜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ጋሽ አምባዬ አቧራው ጉሮሮውን ከርክሮት፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «እህህ!» አለ።

አጠገቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ንግግሩ ያለቀ መሰላቸውና አጨበጨቡ። አንድ ሰው ካጨበጨበ ደግሞ ያላጨበጨበ ይታያል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በጭብጨባው መሐል ጓድ ኢተፋ ቃሉ ትዝ አለውና ንግግሩን ቀጠለ። ሲጨርስ ከመድረክ ወርዶ፣ «ማነህ አንተ?» አለው።

ጋሽ አምባዬ እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ ስሙን ነገረው። በሩቅ ያየነው ሰዎች ግን ምክር ሲለግሰው ነው የመሰለን። ጓድ ኢተፋም ሰው እንደዚያ ማሰቡን ወደደው። በሳምንቱ ጋሽ አምባዬ ከግራሩ ሥር ተነስቶ ላንድሮቨር ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጓድ ኢተፋን ንግግር የሚጽፈው፣ ማን ይሾም ማን ይነሳ ብሎ ጆሮው ሥር የሚያንሾካሹከው፣ ጭብጨባውን በሳሉ የሚያስነሳው ጋሽ አምባዬ ሆነ። አጭር ሳል ማጨብጨብ ነው። ረጅም ሳል ተነስቶ ማጨብጨብ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ ድረስ እየዞሩ ስብሰባ ሲያደርጉ የየከተማው ካድሬ ሁሉ ይህችን ዘዴ ተማረ። ስብሰባ ላይ ማን እንደሳለ ማንም አያይም፤ እጅ ግን ራሱ ይነሳል። መቂ ውስጥ ቲቢ የያዘው አንድ ምስኪን ቀብር ላይ ሲስል ለቀስተኛው አጨብጭቧል። በዳለቻ ይሁንብኝ!

እዚህ ላይ አደ ዲንቄን ላስተዋውቃችሁ። አደ ዲንቄ («አደ» በኦሮምኛ እመት እንደማለት ነው) ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ሰፈራችንን የሚገዙት እሳቸው ናቸው፤ ቀበሌው ማህተም ብቻ ነው የያዘው። ዘርፉ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ቆንጆ ናት፤ አፏን ስለማትከፍት ኩራተኛ ይሏታል። ዘርፉ ደግሞ መሰለች የምትባል ልጅ ወለደች። የመሰለች የመጀመሪያዋ የወተት ጥርስ ብቅ ያለች ቀን አደ ዲንቄ ጋሽ አምባዬን ደጁ ላይ ጠበቁት።

«አካም ጂርታ፣ አምባዬ?» አሉት። «ላንድሮቨሩ ተመችቶሃል?»

«ደህና ነኝ፣ አደ ዲንቄ።»

«እሰይ። ይቺን እያት።» የሕፃኗን ከንፈር በጣታቸው ገልጠው አሳዩት። አንዲት ነጭ ፍሬ ሩዝ። «ለሹም ሁሉ ስትመክር ትውላለህ፤ ምክርህ እኛ ጋ ሲደርስ ይደርቃል እንዴ? እናቷ በሠርጓ ቀን አልሳቀችም። እኔ ስቄ አላውቅም። ይቺ ግን የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ቧንቧ ይግባላት። ሌላ ነገር አልለምንህም።»

«አስገባለሁ፤» አለ ጋሽ አምባዬ።

«እጅህን ከአፍህ አንሳና በለው።»

እጁን አነሳና «አስገባለሁ» አለ። እኔ ጋሪዬን አቁሜ እያየሁ ነበር፤ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ አምባዬ እንቅልፍ አጣ። ጓድ ኢተፋ ሶደሬ ሄዶ ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገቱ ሲነከር፣ እሱ ሱሪውን ሰብስቦ ጠርዙ ላይ ይቁለጨለጫል። ውሃ የሞላበት ቦታ ቁጭ ብሎ ውሃ ይለምናል።

«ጓድ ኢተፋ፣ ያ የሐዲዱ ማዶ ሰፈር ጉዳይ...»

«ጻፈው። በሚቀጥለው ንግግር ላይ እናገረዋለሁ።»

ጻፈው። ንግግሩ መጨረሻ ላይ አደረገው፤ ጓድ ኢተፋ መፈክሩ ጋ ሲደርስ ደስ ብሎት እዚያው አቆመ። መካከል ላይ አደረገው፤ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ገለጠ። መጀመሪያ ላይ አደረገው፤ ያን ዕለት መኪናው ጎማ ተንፍሶበት አርፍዶ መጣና «ጊዜ ስለሌለን ከሁለተኛው ገጽ እጀምራለሁ» አለ። አንድ ጊዜ፣ ላንጋኖ ዳር በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሯ ላይ በትክክል ደረሰ። «ከሐዲዱ ማዶ...» ብሎ ጀመረ። ጋሽ አምባዬ ከደስታው ብዛት ትን አለውና ሳለ። ጭብጨባ። ጓድ ኢተፋ ሕዝቡ ረክቷል ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ያን ቀን ማታ ጋሪዬ ላይ ወጥቶ፣ «ፈይሳ፣» አለኝ፣ «የምናገረው በሰው አፍ ነው። የሰው አፍ ደግሞ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ሚስማር ልምታ ብትል ባለቤቱ አይፈቅድልህም። አንድ ቀን በራሴ አፍ ብናገራት...»

«ታዲያ አፍህን መጀመሪያ ክፈተዋ፣ ጋሼ።»

በካልቾ መታኝ። እኔን ሳይሆን ጋሪውን፤ ቀልድ ነበር።

እንዳለውም ጊዜው መጣ። በሰባ ዘጠኝ ለሸንጎ ምርጫ ሊደረግ ሆነ። ለየምርጫ ክልሉ ሦስት ዕጩ ያስፈልጋል ተባለ። ጓድ ኢተፋ ራሱ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች በኩል ተወዳደረ። የእኛ ክልል የሚመረጠው ሰው ከላይ ታውቋል፤ አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሁለተኛው አንድ የመቶ አለቃ ነው። ሦስተኛ ጠፋ።

«አንተ ሙላልን፤» አለው ጓድ ኢተፋ። «ለማሟያ ነው፤ አትጨነቅ፤ አትመረጥም።»

ማንበብ ለማይችለው ተብሎ ለየዕጩው የአውሬ ምልክት ታደለ። ለሥራ አስኪያጁ ዝሆን፣ ለመቶ አለቃው አንበሳ፣ ለጋሽ አምባዬ ቀጭኔ። በሰፈራችን ቀጭኔ የሚያውቅ ሰው የለም። አደ ዲንቄ ሥዕሉን አይተው፣ «ይሄ ግመል ምን ሆኖ ነው አንገቱ የተጎተተው?» አሉ።

እኔ ያን ሌሊት ሥራ ላይ አደርኩ። በማዳበሪያ ጆንያ ጭድ ጠቅጥቄ ረጅም አንገት ሰፋሁ፤ ጫፉ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጭንቅላት አደረግሁ፤ ዳለቻን በቀይ አፈር ነጠብጣብ ቀባሁት፤ አንገቱን በእንጨት ደግፌ ማነቂያው ላይ አቆምኩት። ጠዋት ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ነዳሁት። የከተማው ልጅ በሙሉ ከኋላዬ ሆነ። የመብራት ሽቦ ሥር ስናልፍ ሰው ይጮሃል። አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

«ቅስቀሳ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው!»

«የምን ቅስቀሳ? ፈረሴን በርዶት አለበስኩት እንጂ።»

«በናዝሬት ሙቀት?»

«እሱ የተወለደው ጭላሎ ተራራ ላይ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ነው የሚበርደው።»

ጠባቂው ቀና ብሎ የቆርቆሮውን ጭንቅላት አየና ሳቁ አመለጠው። በእጁ አፉን ከደነ። የሰፈራችን ልጅ ነው ለካ! ለቀቀኝ።

የምርጫው ቀን ባልቴቶቹ ሥዕሉን ሲያዩ «ይቺ የፈይሳ ፈረስ ናት፤ እናውቃታለን» እያሉ ምልክት አደረጉ። ዝሆንና አንበሳን ግን ማን በአካል አይቷቸው? ጋሽ አምባዬ ተመረጠ። ውጤቱ ሲነገር ከሁሉም ይልቅ የደነገጠው ራሱ ነው። ጓድ ኢተፋም በሐይቆቹ በኩል ተመርጦ ስለነበር ብዙ አልተቆጣም፤ «እንግዲህ እኩል ሆንን» ብሎ ጨበጠው፤ እጁን ግን ቶሎ ለቀቀው።

ወደ አዲስ አበባ እስኪሄድ ድረስ በየማታው ጋሪዬ ላይ ልምምድ አደረግን። ዓረፍተ ነገሯ አንዲት ናት፤ «ናዝሬት ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር የሚጠጣው ውሃ የልጆቹን ጥርስ እየበላ ነውና ቧንቧ ይግባለት።» ችግሩ እጁ ነው። «ናዝሬት» ሲል እጁ ወደ አፉ ይወጣል። በሁለት እጁ ልጓም አስያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ ጥርት አድርጎ ተናገራት። ዳለቻ እንኳን ጆሮውን አቀና።

«እዚያ ልጓም የለም፤» አለኝ።

«ጠረጴዛ አይጠፋም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጅህ ያዝ።»

በመስከረም ሸንጎው ተሰበሰበ። የውሃ ጉዳይ የሚነሳበት ቀን ታወቀ፤ ጋሽ አምባዬም «ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ እናገራለሁ» ብሎ በመንገደኛ ላከብን። ቀበሌው የሬዲዮኑን ድምፅ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ሰፈሩ በሙሉ ነቅሎ ገባ። አደ ዲንቄ መሰለችን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቷ አፍ ፈትታ፣ ነገር አውቃለች፤ የፊት ጥርሷም መነቃነቅ ጀምሯል። በምላሷ እየገፋች ትጫወትበታለች፤ አያቷ ደግሞ «ተይ! ትንሽ ቀን ታገሽ!» እያሉ አገጯን ይመታሉ።

መጀመሪያ አንድ ሪፖርት ተነበበ። ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚኖረው ሕዝብ ንጹህ ውሃ ተዳርሷል ይላል። እኛ ተያየን። እኔ አንድ ባልዲ ታየኝ፤ አዳራሹ በር ላይ የቆመ፣ ከጉድጓዱ የተቀዳ።

ከዚያ ሰብሳቢው፣ «አስተያየት እንዲሰጡ ጓድ አምባዬ ገሠሠ» አለ።

የጋሽ አምባዬ ድምፅ መጣ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ናዝሬት...»

በኋላ እንደነገረኝ ጠረጴዛ ነበረ። ግን ማይክራፎኑ እንዲሠራ ቁልፉን በቀኝ እጅ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ግራ እጁ ብቻውን ቀረ። መብራት አለ፤ ካሜራ አለ፤ በሕይወቱ ያላየው ሰው ሁሉ ወደ አፉ ያያል። ግራ እጁ ወጣ። ጉሮሮው ደረቀ።

«እህህ!»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ከኋላው የተቀመጠው ጓድ ኢተፋ ነው። ከዚያ የመቂው፣ የዝዋዩ፣ የሻሸመኔው ካድሬ። አንድ ሰው ካጨበጨበ ደግሞ... ነገርኳችሁ። አዳራሹ ተናጋ።

ከሁሉ የሚያናድደውን ልንገራችሁ? እኛም አጨበጨብን። ናዝሬት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ለሬዲዮ። እኔ እጄን ሳየው እየመታ ነው። አደ ዲንቄም መሰለችን ጭናቸው ላይ ይዘው አጨበጨቡ፤ ከዚያ ባነኑና ሁለት እጃቸውን ቂጣቸው ሥር አድርገው ተቀመጡበት።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ከሐዲዱ ማዶ... እህህ!» ጭብጨባ።

«አይደለም! ለማለት የፈለግሁት... እህህ! እህ...»

ይቺኛዋ ረዘመች። ረጅም ሳል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወንበር ሁሉ ሲንኳኳ በሬዲዮ ተሰማ፤ ሸንጎው ቆሞ እያጨበጨበ ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ሰብሳቢው፣ «ጓድ አምባዬ ለሪፖርቱ ያላቸውን የጋለ ድጋፍ ስለገለጹ እናመሰግናለን። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እናልፋለን» አለ።

አደ ዲንቄ ተነሱ። ሬዲዮኑን አላጠፉትም፤ ሄደው ፊት ለፊቱ ቆሙና፣ «ደረቅ!» አሉት። ልጅቷን አዝለው ወጡ።

ጋሽ አምባዬ ሲመለስ ጣቢያው ላይ የተቀበልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሪው ላይ ወጣ። ወደ ሰፈር ስዞር፣ «ወደዚያ አይደለም፤» አለኝ። በመልካሳ መንገድ ነዳሁት። ከተማውን ከወጣን በኋላ፣ ሜዳው ላይ፣ ልጓሙን ከእጄ ነጥቆ ተነሳና በዚያ ሁሉ ጥርሱ ጮኸ፤ «ናዝሬት ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር የሚጠጣው ውሃ የልጆቹን ጥርስ እየበላ ነውና ቧንቧ ይግባለት!»

አንዲት ቃል አልሳተም። አንድ ጊዜ አልሳለም። የሰማው ዳለቻና አንድ የማሽላ ማሳ ነው።

«ጓድ ኢተፋስ ምን አለህ?» አልኩት።

«‹እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው› አለኝ።» ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ፈይሳ። ምን ልበለው?»

በማግስቱ በውሃ ላይ የሚያዘው መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን። ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው።

«በሬዲዮ ሰማሁዎት! እንዴት ያለ ድጋፍ ነው!»

«ሰፈራችን ውሃ የለውም፤» አለ ጋሽ አምባዬ። እጁን አፉ ላይ አላደረገም።

ኃላፊው ሳቀ። «ይቀልዳሉ። ሸንጎው ተዳርሷል ብሎ፣ እርስዎ ራስዎ ቆመው ደግፈው፣ እኔ እንደገና ባስገባ ‹የገባውን ለምን ታስገባለህ› ብለው አይጠይቁኝም?»

«አልደገፍኩም። ሳልኩ እንጂ።»

«እንግዲህ እሱን ለሸንጎው ይንገሩ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙን አስመዘገበ፤ አልተጠራም። ከዚያ በኋላም አስመዘገበ። በመጨረሻ ሲያዩት ሁሉም «ያ ደጋፊው» ይሉት ጀመር። የመሰለች የፊት ጥርስ በዚያው ሰሞን ወለቀች፤ አደ ዲንቄ ለጋሽ አምባዬ በጨርቅ ጠቅልለው ላኩለት። ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ከፍቶ አያትና ኪሱ ከተታት።

ቢሆንም በመጨረሻ ቧንቧው ገባ። ዘግይቶ ቢሆንም ገባ፤ ቦኖው ሐዲዱ አጠገብ ተተከለ፤ አደ ዲንቄ የመጀመሪያውን ባልዲ ቀዱ፤ ጋሽ አምባዬ እዚያ ቆሞ አፉን ከፍቶ ሳቀ። መሰለችም አዲሱ ጥርሷ ነጭ ሆኖ በቀለ።

አሁን ልጨርስ ስል ዳለቻ ትዝ አለኝ። ሽማግሌ ሆኗል፤ ደጄ ላይ ቆሟል፤ ሳልዋሽም በሚገተር ፈረስ ምያለሁ። ስለዚህ እውነቱን ልናገር። ሳሉ እውነት ነው። ቀጭኔውም እውነት ነው። ለቀስተኛውም አጨብጭቧል። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ቦኖውን።